ለጓንት ፈቃድ አያስፈልግም

አርቮ ወንድሜ፣ ያስጻፍከኝን ኑዛዜ በንጹሕ ገለበጥኩት። ፊርማዎቹ ያሉበት ዋናው ቅጂ በሕግ ሰው እጅ ነው፤ ይኸኛው የእኛ ነው። ስለዚህ ዋናው ላይ ያልሰፈረውን፣ በመሐል የተባባላችሁትንም አስገብቼበታለሁ። «ስድቡም ሳቁም ይጻፍ፤ ነገሩ እንዴት እንደነበር የሚጠፋብህ ቀን ይመጣል» ያልከኝ አንተ ነህ። እጅህ ብዕር አልይዝ ስላለ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉ ግን ያንተ ነው። አድምጠኝ። ከተሳሳትኩ እንደ ልማድህ ጉሮሮህን ጥረግ።

እኔ አርቮ ሃካራይነን፣ በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ሳንባዬ ታሞ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ሆኖ፣ ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2019፣ ሐይቁ ዳር ባለው ቤቴ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እሰጣለሁ። ለአእምሮዬ ጤንነት ነርሷ ሲርካ ትመስክር። ዛሬ ጠዋት ቀኑን ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ፤ ሰዓቷ ወደ ኋላ መቅረቱንም ጨምሬ ነግሬያታለሁ።

«እሱስ እውነቱን ነው፤ ምላሱም አልታመመም» አለች ሲርካ።

ቤቱን፣ ጀልባውንና ሳውናውን ለታናሽ ወንድሜ ለኦኒ ሰጥቻለሁ። ዕድሜው እስኪደርስ ከተማ ያለችው አክስታችን ጉዳዩን ትከታተል። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ አሳደግኩት አልልም፤ አብረን አደግን። ትምህርቱን ሳይጨርስ ቤቱን እንዳይሸጥ እለምነዋለሁ።

ኦኒን ትምህርት ቤት ከሚያደርሰው የታክሲ ሾፌር ከፔንቲ የተዋስኩት የበረዶ መሰርሰሪያ ጎተራ ውስጥ ነው። ይመለስለት።

በቀብሬ ላይ አንድም ጥይት እንዳይተኮስ። ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ የያዝኩት ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ መሣሪያዎቹ ነው። ስድስት አሮጌ አጭር መትረየሶች አሉኝ። ሁለቱ በጦርነቱ ከጠላት የተማረኩ፣ ፔፔሻ የሚባሉ ናቸው፤ ሦስቱ የሌላ አገር ሥራዎች ናቸው፤ ስድስተኛው እዚሁ አገራችን የተሠራ፣ ሱኦሚ የሚባለው የአያታችን መሣሪያ ነው። ሱኦሚውን ከጎተራው ወለል ሥር፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ያገኘሁት ዕለት ለፖሊስ ደወልኩ። ጓደኞቼ «አብደሃል? በቃ ሄደብህ!» አሉኝ። አልሄደብኝም። ራሱ መጥቶ ለሚያስታውቅ ሰው ሕጉ መንገድ አለው። ተመርምሮ፣ በቁጥሩ ተመዝግቦ፣ በሰብሳቢነት ፈቃዴ ላይ ሰፍሮ ተመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ብረት በቤቴ የለም። ኦኒ ይህን ይያዝ፦ መሣሪያ የደበቀ ሰው ራሱም ተደብቆ ይኖራል።

አያታችን በሱኦሚው ምን እንዳደረገ ነግሮን አያውቅም፤ እኔም የማደንቀው እሱን አይደለም። የማደንቀው የሠራውን እጅ ነው። ያ እጅ አልቸኮለም። መሣሪያው ከድፍን ብረት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። የውስጡ ብረት ሲንሸራተት አይንኳኳም፤ አየሩን ብቻ ገፋ አድርጎ ቦታውን ይይዛል። በዚያ በደሃ ዘመን፣ በዚያ ብርድ፣ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው በመኖሩ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

አያያዙም ይህ ነው። በባዶ እጅ ብረቱን መንካት የለም፤ ላብ ከዝናብ ይብሳል። ዘይቱ ስስ ይሁን፤ የበዛ ዘይት እንጨቱን ያበሰብሳል። የተኛ ዝገት ይተኛ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም እንዳያሳምረው። አሮጌ መሣሪያ ያሳመሩት ዕለት ታሪኩ ተገፈፈ።

እዚህ ላይ ወደ በሩ ዞርክ። ጎረቤታችን ሬይኖ የእሑድ ኮቱን ለብሶ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ለኑዛዜ እንደምትፈልገው ስልክ ያስደወልከኝ አንተ ነህ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም ነበር።

ሬይኖ ቱርቲያይነን መሣሪያ መፍታትና መግጠም ያስተማረኝ ሰው ነው። በዚህ አካባቢ ከእኔ ሌላ የሰብሳቢነት ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ነው። ለሥራ ስዊድን በከረምኩበት ዓመት ሱኦሚውን በአደራ ሰጠሁት። እሱም ሊያስደስተኝ ብሎ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ እንደ ሙሽራ አስጊጦ ጠበቀኝ። ሰደፉ ላይ አያታችን በቢላ የጫረው የሦስት ሰዎች ስም ነበር፤ አብረውት ዘምተው የሞቱ ጓደኞቹ ናቸው። ስሞቹ ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ተጠርገው ተጣሉ። እኔም ሬይኖን ከቤቴ አስወጣሁት።

«ልጅ የቧጨረው መስሎኝ ነው» አለ ሬይኖ ወለሉን እያየ። «መነጽሬንም አላደረግኩም።»

«ጻፍ ኦኒ፤ መነጽሩን አላደረገም በል።»

ሬይኖ ተነሥቶ ብዕሩን ከእጄ ሊቀበል መጣ። «በቃ፣ የቱ ጋ ነው የምፈርመው? ፈርሜ ልሂድ።»

«ብዕሩን ተው። አንተ አትፈርምም።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ስድስት ዓመት ዘጋኸኝ፤ እሺ፣ ጥፋቴ ነው ብዬ ቻልኩ። አሁን ደግሞ አስጠርተህ በሰው ፊት ታዋርደኛለህ? ፊርማዬም ቆሸሸብህ?»

«ቁጭ በል፣ አንተ ግትር! ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው አይወርስም።»

ቆቡ ከእጁ ወደቀ። ማንም አላነሣለትም።

ያኔ ነው ከውጭ የፔንቲ ታክሲ ጥሩምባ የጮኸው። «ኦኒ! ትምህርት ቤቱ ሊጠብቅህ ይችላል፤ እኔን ግን ውርጭ ውስጥ ገትረኸኛል!» ሲርካ ጎትታ አስገባችው።

«ሞተሩን አላጠፋሁም እኮ» አለ።

«አጥፋው። ትመሰክራለህ፤ መሰርሰሪያህንም ታገኛለህ» አልከው።

«ቆይ፣ እሱስ ወራሽ ሊሆን አይደለም?» አለች ሲርካ።

«የራሱ ንብረት ነው የሚመለስለት፤ ውርስ አይባልም።»

«ሦስት ክረምት ሙሉ አንተ ጋ ሲከርምስ ምን ይባላል?» አለ ፔንቲ። እየሳቅህ ሳልህ፤ ሲርካ ውኃ እስክትሰጥህ ጠበቅን።

ስድስቱንም መሣሪያዎች ከነመለዋወጫቸው ለሬይኖ ቱርቲያይነን ሰጥቻለሁ። የኦኒ ዕድሜ ለፈቃድ አልደረሰም። ፈቃድ ደግሞ እንደ ጀልባ አይወረስም፤ ሁሉም በራሱ አመልክቶ፣ ተመዝኖ ያገኘዋል፤ እንዲህ መሆኑንም እወደዋለሁ። ፈቃድ ያለው እጅ ካልተቀበላቸው ግን ተበታትነው ይሸጣሉ፣ ወይም ይቆራረጣሉ። አንድ ላይ ይቆዩልኝ። ኦኒ ጊዜው ደርሶ ፈቃድ ካገኘና ከፈለገ፣ ሬይኖ ያስተላልፍለት። በሕግ አላሰርኩትም። በቃሉ አምኜዋለሁ።

ያመንኩበትም ምክንያት ይጻፍ። በገና ዋዜማ ለወላጆቻችን ሻማ ልናበራ ወደ መቃብር ስንሄድ፣ በእነዚያ በሦስቱ ዘማቾች፣ በሁጎ፣ በኤይናሪና በታውኖ መቃብር ላይ ሻማ በርቶ አያለሁ። ዘመድ የላቸውም። አያታችን ከሞተ ወዲህ የሚያስታውሳቸው አልነበረም። ሻማ መብራት የጀመረላቸው ስሞቻቸው ከሰደፉ ላይ በጠፉበት ዓመት ነው።

ሬይኖ ቀና አለ። «ማን ነገረህ?»

«የምትጎትተው ግራ እግርህ። በበረዶ ላይ ምሥጢር የለም።»

ሬይኖ ቆቡን አንሥቶ አፍንጫውን ጠረገበት። «ቫርኒሹን ላስለቅቀው?» አለ።

«እንዳትነካው! አንዴ ያሳመርከው ይበቃል። አሁን እሱም ታሪኩ ነው።»

በመጨረሻም ነጭ የጥጥ ጓንቶቼን ለኦኒ ሰጥቻለሁ። አሁን ትልቅ ይሆኑበታል፤ ያድግባቸዋል። ሬይኖ አጠገቡ ሳይኖር መሣሪያዎቹን አይንካ። ለጓንት ግን ፈቃድ አያስፈልግምና ዛሬውኑ ይውሰዳቸው።

ቃሌ ይኸው ነው። ተነብቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አውቄ፣ እንደ ምንም በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።
አርቮ ሃካራይነን

ሁለታችንም በአንድነት ተገኝተን፣ ተናዛዡ በፈቃዱና በሙሉ አእምሮው ሲፈርም አይተናል።
ሲርካ ኑኡቲነን፣ ነርስ
ፔንቲ ላሚንፓ፣ ሾፌር

ከቀብርህ ማግሥት፣ አክስታችን በሌሊቱ አውቶቡስ ተመልሳ ስለነበር፣ ብቻዬን ነቃሁ። መሣሪያዎቹ ይቀመጡበት የነበረውን የብረት ቁም ሣጥን ከፈትኩ። ባዶ ነው፤ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ወረቀቱን ጨርሶ ሬይኖ ሁሉንም ወስዷል። ቢሆንም እንደ ልማዳችን ውስጡን ወለወልኩት፤ እርጥበት የሚመጥጡትንም ከረጢቶች ምድጃው ላይ አደረቅኳቸው። ከዚያ ሻማ ይዤ ወደ መቃብር ሄድኩ። አዲስ በረዶ ጥሎ ነበር። በሁጎ፣ በኤይናሪና በታውኖ ላይ ሻማ በርቷል፤ ባንተም ላይ በርቷል። የእኔን ከጎኑ አበራሁ። በበረዶው ላይ አንዱ እግር ረግጦ፣ ሌላው ተጎትቶ የሄደበት ዱካ ነበር። ተከተልኩት፤ በረዶ የሠራውን ሐይቅ ተሻግሮ ሬይኖ ቤት አደረሰኝ።

በሩን ሳላንኳኳ ድምፁ ከውስጥ መጣ። «ጓንትህን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ አጎቴ ሬይኖ።»

«ግባ እንግዲህ። መነጽሬን አድርጌያለሁ።»