ስለ አንዲት ሕፃን ክንድና ስለ አንድ እርጥብ ጨርቅ

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር፤
ባሉበት

እመቤቴ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ የእኛን ቤት ጤና እርስዎ ከእኛ ቀድመው፣ ከእኛም አብልጠው ስለሚያውቁት በእሱ ላሰለችዎ አልወድም። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝም፣ ሥራዎን ያቅና፣ ቆዳዎንም ይጠብቅ። ይህችን የመጨረሻዋን ምርቃት ለምን እንደ ጨመርኳት ወደ ታች ሲወርዱ ይረዱታል።

እኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሽማግሌ ነኝ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድም ከወንድሙ በአጥር ሲካሰስ እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ እኔም ስድባቸውን ከውስጡ ለቅሜ አውጥቼ ጨዋ አድርጌ እጽፍላቸዋለሁ። ስለ ራሴ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ብዕር አንሥቼ አላውቅም ነበርና ይህን ዕድል ስለ ከፈቱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በመልክ ያውቁኛል፤ ጠዋት ጠዋት አንዲት የፊት ጥርሷ ፍንጭት የሆነ ሕፃን እጇን ይዤ ከበርዎ የምቆመው አያቷ ነኝ። ቤት ውስጥ ፍንጭቴ እንላታለንና እዚህም በዚሁ ስም እንድጠራት ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ስለ ጠዋቱ ፍተሻ። ሌላው መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን እንደምን አደራችሁ ብሎ ሲቀበል፣ የእርስዎ ግን እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ አስጠቅልሎ እንደሚቀበላቸው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአድናቆት ያወራል። ልጆቹ በቁመታቸው ይሰለፋሉ፤ ሞግዚቷ እርጥቡን ጨርቅ ይዛ የእያንዳንዳቸውን ክንድ ከትከሻ እስከ መዳፍ ትጠርጋለች፤ እርስዎም መነጽርዎን አፍንጫዎ ጫፍ ላይ አውርደው ይመረምራሉ። መጥረጉ ለምን እንዳስፈለገ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሲያስረዱን፣ አንዳንድ እናቶች የልጃቸውን ሽፍታ በቅባት እየሸፈኑ ስለሚልኩ መጀመሪያ ቅባቱ መነሣት አለበት ብለው ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅን አጣምሮ መቀመጥ ነውር ነው።

በዚህ ትጋትዎ ነው እንግዲህ በፍንጭቴ ክንድ ላይ፣ ከብብቷ ዝቅ ብሎ፣ የስፒል ራስ የሚያካክሉ፣ የሚያብረቀርቁ፣ መሃላቸው ጎድጎድ ያለ እብጠቶች የተገኙት። እያንዳንዳቸው ትንሽ እምብርት ስለሚመስሉ እሷ ራሷ “እምብርቶቼ” ትላቸው ነበር፤ አያሟትም፣ እምብዛም አያሳክኳትም፣ እንዲያውም እስከዚያች ጠዋት ድረስ ትስቅባቸው ነበር። እርስዎ ግን ባዩዋቸው ጊዜ እንዴት ዘልለው ወደ ኋላ እንዳፈገፈጉ በዓይኔ አይቻለሁ። በእርስዎና በእኔ ዕድሜ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ብርቅ ነውና ለጉልበትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ አላልፍም።

ሁለተኛ፤ ስለ መቀመጫዋ። ልጅቷን በዚያው ጠዋት ወደ ቤት መመለስ ሲችሉ ለጥቂት ቀናት ታግሠው፣ ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ለብቻዋ ጠረጴዛ ሰጥተዋታል። ዝናብ በሚዘንብበት ቀን የልጆቹ ሁሉ ጫማ እሷ እግር ሥር እንደሚያንጠባጥብ አላሰቡት ይሆናል፤ ሰው ሁሉን ማሰብ አይችልም። ለራሷ ደኅንነት ነው ብለውኛል። ደኅንነቷ ከመጠበቁ የተነሣ ልጆቹ እንቁራሪት የሚል ስም አወጡላት፤ የነካት ሁሉ እንቁራሪት ይሆናል ተባለ፤ ጨዋታም ሆነ፤ እሷ ስትቀርብ የሚሮጡበት ጨዋታ። ልጆቹን አልቀየምም። ከትልቅ ሰው ያዩትን ነው ያደረጉት።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ስመለስ እንደ ልማዴ ላቅፋት ጎንበስ ብል፣ ሁለት እጇን ዘርግታ አገደችኝና “አባባ አትንካኝ፤ ይጋባብሃል” አለችኝ። እመቤቴ፣ በዚያ ጃንጥላ ሥር ብዙ የሰው እንባ አይቻለሁ፤ እንባ የሥራዬ ባልደረባ ነው። የዚያን ቀን ግን የራሴን አየሁ። ዛሬም ቢሆን ሰው ሲቀርባት ክንዷን ከኋላዋ ትደብቃለች። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው ስለ ልጄ፣ ማለትም ስለ ፍንጭቴ እናት ነውና ባልጽፈው በወደድሁ። ልጄ ዳቦ ጋጋሪ ናት። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ሰፈሩ ሲነቃ ትኩስ ዳቦ እንዲያገኝ እሳት ፊት የምትቆም ሴት ናት። አንድ ጠዋት አለቃዋን አስፈቅዳ፣ ዱቄቱን ከቅንድቧ እንኳ ሳታራግፍ ልታነጋግርዎ ብትመጣ፣ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት “እውነተኛ እናት ብትሆኚ ልጅሽን ሳታሳክሚ አትቀመጪም ነበር” አሏት። ቆዳዋ እስኪጠራ ድረስም ልጅቷ በዚያ በር እንዳታልፍ አዘዙ። ልጄ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ቃልዎ ግን አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ነበር።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የሐኪም እጥረት አልነበረም። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን የባትሪ አሲድ በስንጥር ጫፍ ይነካካላት አለ። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ በክር ታስሮ ይውደቅ አለች፤ ክሩንም ይዛ መጥታ ነበር። ማዶ ያለችው ጸጉር ሠሪ የጥርስ ሳሙና መከረች። ሁሉንም አመስግኜ ከበር መለስኩ። ልጄ ግን ታገሺ የሚለውን የእኔንም ምክር ከቁብ ሳትቆጥር በማግስቱ ልጇን ይዛ ወደ ትክክለኛ ሐኪም ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ሐኪሟ የልጆች ቆዳ ስታክም የኖረች ሴት ናት። ፍንጭቴን ባዶ እጇን አሙቃ ክንዷን ነካቻት፤ ልጅቷ ደንግጣ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም አፌ የማይችለውን ረጅም ስም ጠራችልንና ነገሩን በሚገባን ቋንቋ አስረዳችን። ቫይረስ የሚያመጣው ነው፤ በልጆች ላይ የተለመደ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠፋል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል፣ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ከዓመት ሊያልፍም ይችላል። ማሳከም ይቻላል፤ ይፋቃል፣ እጅግ በቀዘቀዘ መድኃኒት ይቃጠላል፣ የሚቀባም አለ፤ ሕክምናው ያማል፣ ጠባሳ የሚተውበት ጊዜ አለ፣ ካነሡት በኋላም ሌላ ሊወጣ ይችላል። ቢያመረቅዝ ወይም ዓይኗ አጠገብ ቢወጣ፣ ወይም ልጅቷን ራሷን ቢያስጨንቃት ነገሩ ሌላ ነው አለች። ምርጫውን ለእናቷ ሰጠቻት።

ልጄ ሳታመነታ ይፋቅላት አለች። እኔ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ልከራከራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቷን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። እመቤቴ፣ የሚፋቀው የሕፃኗ ቆዳ ይሁን እንጂ ልጄ ልታስፍቅ የመጣችው የእርስዎን ቃል ነበር።

ሐኪሟ መፋቂያዋን አዘጋጀች። ፍንጭቴ ማንም ሳያዛት እጅጌዋን እስከ ትከሻ ጠቅልላ ክንዷን ዘረጋች፤ ጠዋት ጠዋት ስላስለመዷት እናመሰግናለን። ከዚያም “ይሄ ሲነሣልኝ ከልጆቹ ጋ እቀመጣለሁ?” ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ መፋቂያውን አስቀምጣ እስቲ ስለ ልጆቹ ንገሪኝ አለቻት። የኛዋ ደግሞ በቃል ከመናገር ሠርቶ ማሳየት ነው የሚቀናት፤ ከትሪው ላይ እርጥብ ፋሻ አነሣችና ፍተሻውን ልታሳየን እጅጌያችንን አስጠቀለለችን። የራሷን ክንድ ጠረገች፤ በዚያው ፋሻ የእኔን፣ በዚያው የእናቷን፣ በዚያው የሐኪሟን። በመካከሉ ድምፅዋን አጎርንና “ቀጥል” ትላለች፤ ልክ እርስዎን ነው የምትመስለው። እኔና ልጄ ሳቅን። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም። ጨርቁ ለሁሉም አንድ ነው ወይ ብላ ብትጠይቃት፣ አዎ፣ ሞግዚቷ ባልዲው ውስጥ ነከር እያደረገች ነው አለቻት።

በሽታው የሚጋባው ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ፣ እንዲሁም በጋራ ፎጣና በጋራ ጨርቅ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። ሽፍታ ያለበትን ክንድ ጠርጎ በዚያው እርጥብ ጨርቅ የሌለበትን መጥረግ፣ በየማለዳው በሰልፍ ማደል ማለት ነው አለችን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ወደ ልጄ ዞራም “ለቆዳዋ ብለን ከሆነ ዛሬ መፋቅ አያስፈልጋትም፤ ለትምህርት ቤቱ ብለን ከሆነ ግን እሷን ያመጣችሁልኝ ዋናውን በሽተኛ እዚያ ትታችሁ ነው” አለቻት። ልጄም ጎንበስ ብላ የልጇን እጅጌ አወረደችላት። ውሳኔያችን ይኸው ነው፤ አናስፍቅም።

አራተኛ፤ የሐኪሟን ወረቀት ይዘን በመጣን ጊዜ ስላደረጉልን አቀባበል። ወረቀቱ ልጅቷ መማር እንደምትችል፣ እብጠቶቹን በልብስ ወይም በፕላስተር መሸፈን እንደሚበቃ፣ የጋራው ጨርቅ ግን እንዲቀር ይላል። እርስዎም በቆሙበት አንብበው መለሱልንና ጨርቁ ማታ ማታ በሳሙና እንደሚታጠብ ነገሩን። ስለ ማታው አልተጠራጠርንም፤ ጥያቄያችን ስለ ጠዋቱ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እርስዎ ግን ወረቀቱን ገና በወጉ ሳይይዙት ስለ ለቀቁት በዚህ ተረት እንዳይታሙ እኔ ምስክር እቆማለሁ።

አምስተኛ። ፍንጭቴ ቤት ከዋለች ሰንብታለች። ሰሞኑን ሌሎች ልጆችም እብጠቱ ወጥቶባቸው የጫማ መደርደሪያው ጥግ ጠብቦ ሁለተኛ ጠረጴዛ እንደ ተጨመረ፣ እርስዎም ይህ ሁሉ ያቺ ልጅ ያመጣችው ጣጣ ነው እንዳሉ ከወላጆች ሰምቻለሁ። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከእኔ ጋር በጃንጥላው ሥር ነው፤ ከዚያ ሆና እንዴት አድርጋ እንዳዳረሰቻቸው ሊገባኝ አልቻለም፤ በሕልም ካልሆነ በቀር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብለው የተረቱ አባቶች እርስዎን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝነኛል፤ ተረቱን በእርስዎ ስም ብቻ ባሳጠሩት ነበር። አንዳንድ ባለጉዳይ ጉንጯን ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ ፍንጭቴ ከወንበሬ ኋላ ትሸሸጋለች። ምን ሆና ነው ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ተማሪ ናት እላቸዋለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማመለክተው እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት ልጃችንን ይዘን እንመጣለን፤ ክንዷን ሸፍነን፣ አንገቷን ግን አናስደፋትም። ጨርቁንና ባልዲውን ያስነሡልን። ጠረጴዛዋን ከልጆቹ መካከል ያድርጉላት፤ በዚያ ጥግ ያሉትንም ሁሉ እንዲሁ። ከልጆቹ አንዱን እጁን ይዘው፣ የእሷንም እጅ ይዘው፣ አንድ ላይ ያገናኙልን፤ ከእርስዎ ያዩትን ጨዋታ ሊያስተዋቸው የሚችሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ለልጄም በዚያው በር፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት እናት መሆኗን ይመስክሩላት። ይህን ማድረግ ቢያሳፍርዎ አይጨነቁ፤ ኀፍረትም ጊዜ ቢወስድም በራሱ የሚጠፋ ነገር ነው፤ መፋቅ አያስፈልገውም።

ጥበቃዎ ያልተለየን፣ ትጋትዎ ከሥራ ያስቀረን፣ ለዕድሜዎ ርዝመትና ለክንድዎ ጥራት ዘወትር የምንጸልይ፤
የፍንጭቴ አያት፣ ማመልከቻ ጸሐፊው

ግልባጭ፦
ጠዋት ጠዋት በበርዎ ለሚቆሙ ወላጆች በሙሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ለፍንጭቴ አነበብኩላትና የምትጨምሪው ነገር አለሽ ወይ አልኳት። አሰብ አደረገችና “የእሳቸውንስ ክንድ ጠዋት ጠዋት ማነው የሚያየው?” አለችኝ። መልሱን ስላላወቅሁት ለባለቤቱ አስተላልፌዋለሁ። ሰኞ ዕለት እጅጌዎን ጠቅልለው ከሰልፉ ፊት ቢቆሙልን ደስ ይለናል፤ የሚጠረጉበትን ጨርቅ እናቷ ከቤት ይዛ ትመጣለች። አዲስ ነው፣ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ አንዱ የተጠረገበትን ለሌላው ማድረግ በእኛ ቤት ነውር ነው።