የናንሲን ልጆች ስፈልግ

ሰይዴ፣ የአላህ ሰላም ባለህበት ይድረስህ።

ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሰው ሁሉ «ጊዜ ይሽረዋል» ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ግን እንጃ፣ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቁጭ ስል እነሣለሁ፤ ከተነሣሁ በኋላ ደግሞ ምን ፈልጌ እንደተነሣሁ ይጠፋኛል። ፎዚያ «እማ፣ አንቺ ለምን አትቀመጪም?» ትለኛለች። የፊት ጥርሷ ወልቆ በቅሏል። ታላቋ ሐያት ትከሻዬ ጋ ደርሳለች፤ ስትናደድ እንዳንተው ዝም ነው የምትለው። መኪናህን አልሸጥኳትም፤ እኔው ነኝ የምነዳት። ሀይዌይ ላይ በቀኝ በኩል እየተንቀረፈፍኩ፣ የኋላዬ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ ስሄድ፣ አንተ ስትስቅ ይታየኛል።

ሥራ ቀይሬአለሁ። አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሚስ ሩት የሚባሉ አሮጊት እጠብቃለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ልጅ የላቸውም፣ እኅት ወንድምም የላቸውም። ዐይናቸው መሀሉ ጨልሞባቸው የሚያዩት በጠርዙ ብቻ ነው። መጀመሪያ ቀን ስሄድ ስለ ምግባቸው ወይም ስለ መድኃኒታቸው የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅድመ አያታቸው እናት ናንሲ ትባላለች። ይህ አገር ገና ጫካ ሳለ፣ መሬቱ ከቀይ ህንዶቹ በተነጠቀ ማግሥት፣ ከባሏ ጋር በጋሪ መጥታ ወንዝ ዳር የግንድ ቤት ሠርተው ኖሩ። ባሏ ሲሞት ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ተለያዩ። ሚስ ሩት የታላቂቱ፣ የሜሪ ዘር ናቸው። ታናሺቱ ሊዲያ ግን የት እንደደረሰች የሚያውቅ ሰው ጠፋ። «ሳልሞት ይህቺን ልጅ ማግኘት አለብኝ» አሉኝ። ያች «ልጅ» አፈር ከሆነች ስንት ዘመኗ!

የምትፈለገው በሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ውስጥ ነው። መንግሥት በየአሥር ዓመቱ ቤት ለቤት አዙሮ ያስቆጥር ነበር፤ ወረቀቱ ፊልም ላይ ተነሥቶ ዳውንታውን ያለው መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ሐሙስ ሐሙስ እወስዳቸዋለሁ። ፓርክ የማደርገው አንተ ትሠራበት የነበረው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ጓደኛህ ተስፋዬ የልጆቹን ደኅንነት ሳይጠይቅ አያሳልፈኝም። ከዚያ የፊልም ማንበቢያውን ማሽን እጀታ አዞራለሁ፣ ገጹ እያለፈ በጆሯቸው አነብላቸዋለሁ።

በድሮው ቆጠራ በስሙ የሚጻፈው አባወራው ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በዕድሜ በዕድሜ ተከፍለው ቁጥር ብቻ ናቸው። ናንሲም በባሏ ስም አጠገብ አንዲት ቁጥር ነበረች። በሚቀጥለው ቆጠራ ግን ራሷ በስሟ ወጣች፤ ባሏ ሞቶ ነበራ። እጄ እጀታው ላይ ቀረ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ ሚስ ሩት።

«አገኘኋት። የቤቱ ባለቤት ሆናለች» አልኳቸው። ምን እንደነካኝ ገብቷቸው መሰለኝ፣ እጄን ያዙኝ እንጂ አልጠየቁኝም።

በዚያው ሰሞን ሐያት ለትምህርት ቤት እረፍት ሊልበርን፣ ወንድምህ ጋሼ ኑሩ ቤት ነበረች። ትምህርት ሊከፈት ሲል ደወለልኝ። «ዘይኑ፣ እዚህ ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው። አንቺ ብቻሽን ነሽ፣ ሥራ አለብሽ። ሐያትን እኛ እንያዝልሽ፣ ትንሿን አንቺ ያዢ። እስኪቀልልሽ ነው» አለኝ። ክፋት የለውም፤ ታውቀዋለህ። አንተን በእጁ አጥቦ የቀበረ ሰው ነው። ላስብበት አልኩት። ማሰብ ግን የት አለ፤ ከወጥ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት መመላለስ ብቻ። ፎዚያ የራሷን አልጋ ትታ የእኅቷ አልጋ ላይ መተኛት ጀመረች።

በቀጣዩ ሐሙስ ወደ ሌላው ቆጠራ ተሻገርን፤ ከዚያ ወዲህ የሁሉም ስም ይጻፋል። ናንሲ ሰው ቤት ተጠግታ አገኘናት። ሜሪ አንድ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ቤት፣ ሊዲያ ደግሞ ሌላ አውራጃ፣ ከማይዛመዷት ሰዎች መሀል።

«እናታቸው በሕይወት እያለች? ለምን?» አልኩ፤ ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሎ።

ሚስ ሩት ትከሻቸውን ሰበቁ። «ብቻዋን ናት። ለጊዜው ነው፣ እስኪቀልልኝ ነው ብላ ይሆናላ።»

ከዚያ በኋላ ሊዲያ ጠፋች። አግብታ ስሟ ተቀይሮ ይሆናል። እኔም አልቆም አልኩ፤ ሚስ ሩት ደክሟቸው እንኳ እጀታውን አልለቅም። መጨረሻ ላይ ሊዲያን ትተን ሜሪን በእርጅናዋ ዘመን መፈለግ ያዝን። ልጇ፣ ማለት የሚስ ሩት አያት፣ ገና ወጣት ሳለ ከተማ ገብቶ ስለቀረ፣ እናቱ የት እንዳረጀች የነገራቸው የለም። ሜሪን ከዚያ ቆጠራ ሃምሳ ዓመት ወዲህ፣ አንድ ተራራ ጥግ፣ አንዲት መበለት ቤት ውስጥ አገኘኋት። የቤቱ ባለቤት ስም ሊዲያ ይላል። ከሜሪ ስም ፊት ለፊት፣ ዝምድና በሚለው ቦታ፣ «እኅት» ተብሎ ተጽፏል።

አነበብኩላቸው። ደግመሽ አንብቢልኝ አሉ፤ ደገምኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ተገናኝተዋል! ተገናኝተዋል!» ጠረጴዛውን መቱት፤ ሰው ዞሮ አየን። ቀጥለው እጃቸውን ከጠረጴዛው አነሡ። «ግን አሮጊቶች ሆነው» አሉ። «ልጅነታቸው የለም።»

ሰይዴ፣ መኪና ውስጥ ገብተን ቀበቷቸውን ሳስርላቸው፣ «ሚስ ሩት፣ ወደ ቤት አይደለም የምንሄደው» አልኳቸው። ስለ ሐያት ነገርኳቸው። «ታዲያ ንጂ» አሉኝ።

ወንድምህ ሣር እያጨደ ነበር። ሲያየን የማጨጃ ማሽኑን አጠፋ።

«ጋሼ፣ ሐያትን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ለቅዳሜና እሑድ?»

«ለሁልጊዜ።»

ፊቱ ጠቆረ። «የወንድሜ አደራ አለብኝ እኮ። ለነሱ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አደራህ ሁለቱም ናቸው፤ ለሁለት አይከፈልም። ልትረዳኝ ከፈለግህ ሁለቱን አንድ ላይ ሆነው እርዳኝ» አልኩት። እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም። እሱ ማሽኑን አስነሥቶ ማጨዱን ቀጠለ። ሐያት ግን በመስኮት ስታየን ኖሮ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ከኋላ ተቀምጣ፣ ከሚስ ሩት ጋር እስካስተዋውቃት ድረስ እንኳ አልጠበቀችም፤ «ፎዚያ አልጋዬን ወሰደችው አይደል?» ብላ አለቀሰች።

ጋሼ ኑሩ እስከ ዒድ ድረስ ቤታችን አልመጣም። የዒድ ዕለት ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ቫኑን አስነሥቶ ትቶ «ቶሎ በሉ፣ ሶላቱ ያመልጠናል» አለ። ዛሬ የሥራ ሺፍቴ ሲረዝም ሁለቱንም ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ሚስ ሩትም አላረፉም፤ አሁን ደግሞ የሊዲያን የልጅ ልጆች ካላገኘን ብለዋል። ሐሙስ እንሄዳለን።

ዘንድሮ ቆጠራው ለኛም መጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ሐያት አነበበችልኝ፤ የቤቱን ባለቤት ስም ሲል የራሴን ጻፍኩ። ከሥር ሐያት፣ ከሥር ፎዚያ። ፎዚያ «አባዬስ?» አለች። ሐያት የሚቆጠረው በሕይወት ያለ ብቻ ነው ብላ አስረዳቻት፤ እኔ ግን እስክሪብቶውን ማስቀመጥ አቃተኝ።

ያ ወረቀት ለጠየቀው መንግሥት ይሁን። ይህን ደግሞ ለአንተ ጻፍኩት። ልጆችህ ሲያድጉ፣ ማን እንደነበርክ ከማንም መዝገብ አይፈልጉም፤ ከኔ ይሰሙታል። እኔ እስካለሁ ድረስ ከዚህ ቤት ቁጥር አትጎድልም።

ዘይነባህ