ጠርዝ ጠርዙን ለሚያስነዱን ኃላፊ

ለተከበሩ የመንገድ ደኅንነት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ዓይንዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር አርባ ዓመት ብስክሌት የጠገንኩ ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ያልኩትን እንዳታለሰልስብኝ አስምያታለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። አልፎ አልፎ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎችን በቡድን እያስነዱ ሊያስተምሩ መነሣትዎን ሰምቻለሁ። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ዳቦ ጋጋሪውን፣ መምህሯንና የባንክ ጡረተኛውን አስከትዬ ይህንኑ ሳደርግ ነበር። «ያለ ፈቃድ ነው፣ ይቁም» ብለው በደብዳቤ ስላሳረፉኝ ጉልበቴ ያመሰግንዎታል።

ቅሬታዬ ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ከሆስፒታሉ ወደ ድልድዩ በሚወርደው ቁልቁለት ጠርዝ ላይ ያለው የውኃ መውረጃ ፍርግርግ፣ ሲገጠም ዞሮ ብረቶቹ እንደ መንገዱ ቁልቁል ተዘርግተዋል። የመኪና ጎማ ምንም አይሆንም፤ የብስክሌት ጎማ ግን ሹልክ ብሎ ይገባል። ባለፈው ክረምት ፖስተኛው ገባበት። የተጣመመ ጎማውን እኔ አቀናሁለት፤ መንጋጋውን ግን እስካሁን ያቀናለት የለም።

ሁለተኛ፣ እኔና በያጁ ጎረቤቴ ነቅለን በአግድም አዞርነው። ሠራተኞችዎ በሳምንቱ መጥተው እንደ ነበረው መለሱት፤ ዳግመኛ እንዳይነቀልም በየዱት። ብየዳው ግሩም ነው፣ እጃቸው ይባረክ።

ሦስተኛ፣ እኔ ተከታዮቼን ፍርግርጉ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ሲቀር ወደ ኋላ ገልመጥ ብለው፣ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መሀል እንዲወጡ አስተምር ነበር። ለተማሪዎችዎ ያደሉት የመመሪያ ወረቀት ግን «ከጠርዝ መራቅ ክልክል ነው» ይላል። ልጄን ሦስቴ አስነበብኳት፤ ሦስቴም ያው ነው። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳ ሁለት ተማሪዎ፣ ግማሹ ፍሬን መያዝ ገና የተማረ፣ ተከታትሎ በዚያ ይወርዳል። መኪናዎም ጎን ለጎን ስለሚያጅባቸው ወደ መሀል መውጫ የላቸውም።

ከፊት እንድትመራ የመረጧት ይህችኑ የምትጽፈውን ልጄን ነው። ጥሩ መርጠዋል፤ ቀጥ ብላ ነው የምትነዳው። ቅሪ ብላት፣ «አባዬ፣ እኔ ብቀር መንገዱን የማያውቅ ሰው ነው ፊት የሚሆነው» አለችኝ። በዕድሜዬ ሰው ፈርቼ አላውቅም፤ እርስዎንም አልፈራም። የምፈራው በፍርግርጉ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ እለካዋለሁ፤ ሦስት ጣት ነው። በማግስቱም ሦስት ጣት።

ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣ መፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን አትሜአለሁ። ቀለም አላስፈለገም፤ ግራሶው በቂ ነው።

ብስክሌት ጠጋኙ

ሳልረሳው፦ ቅዳሜ ከማለዳው ጀምሮ በርጩማዬን ፍርግርጉ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሠላሳ ሁለቱም እኔን ሲያዩ ወደ መሀል ይወጣሉ፤ መኪናዎም ቆም ብሎ ያሳልፋቸዋል። ይህችን ማስታወሻ ልጄ አልጽፍም ብላ ብዕሯን ስለጣለች በያጁ ነው የጻፈልኝ፤ የእጅ ጽሑፉን ይታገሡት። እኔን ለማንሣት ከፈለጉ ደግሞ ከነፍርግርጉ ይንቀሉኝ።