የኔ ናት!

ለጠርሙስ ሰባሪው ወዳጄ፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ የማወራው ሰው ማጣቴ ነው እንጂ። ፖስታ ካርዱ ላይ የምታየው ሕንፃ የምሠለጥንበት የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። ከመመገቢያ አዳራሹ በር አጠገብ ጠረጴዛ የሚያህል የጉም ሳጥን አቁመዋል። ያው እኔና አንተ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ በማርማላታ ጠርሙስ፣ በአልኮልና በደረቅ በረዶ የሠራነው ዓይነት ነው። ትዝ ይልሃል? ዓይናችን እስኪፈዝ አፍጥጠን፣ ከሰማይ ወርዳ ጉሙ ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ዱካ ጥላ የምታልፍ አንዲት ቅንጣት እንጠብቅ ነበር። ቀድሞ ያየ «የኔ ናት!» ይላል። ሌላው «ውሸታም! እኔ ነኝ ያየኋት!» ብሎ ይሟገታል።

እዚህ ዱካው እንደ ጉድ ነው፣ ለአፍታ አያቋርጥም። ሰዉ ግን ትሪውን ይዞ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ያልፋል። ትናንት በምሳ ሰዓት ብቻዬን አጎንብሼ ሳይ፣ አንዲት ቀጥ ያለች ረጅም ዱካ ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀችው። «የኔ ናት!» ብዬ ጮህኩልህ፣ ያውም በአማርኛ! ወለል የምታጸዳው ሴት ደንገጥ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ፈገግ አለችና «ውሰደው» በሚል ዓይነት እጇን ወደ ሳጥኑ ዘረጋች።

የካርዱ ጠርዝ ላይ ደረስኩ፣ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። የልጆቹን እናት ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ጠርሙሳችንን አደራ፣ እንደ ልማድህ እንዳትሰብረው። እዚህ ሁሉም የኔ ናቸው፤ የሚሟገተኝ የለም።

ያንተው ውሸታም