ድምፁ የት ይገባል?

ጥቅምት 4

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። የማታ ትምህርት ጨርሶ ደብተር የማይገዛ ሰው፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በእግሩ እንደሚሄድ ነው። ከክፍላችን አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ደረጃ አልሰጡም… ቢሰጡ ማለቴ ነው።

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። አውቶቡስ ተራ ቆሜ «ገበያ፣ ሆስፒታል፣ ድልድይ» ስል ዋልኩ። እኔ ስጣራ መንገደኛ ያልሆነ ሰው እንኳ ይሳፈራል። ከሰዓት በኋላ ግን «ሆስ…» ብዬ ቀረሁ። «ፒታሉ» አልወጣም። ሾፌሩ ጡሩንባ (ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አውቶቡሱ ጡሩንባ የለውም፣ የሚጮኸው እሱ ነው) ለምን ራስህ አትሄድበትም አለኝ። ሳቅን። የኔ ሳቅም አልወጣም።

ጥቅምት 6

ሄድኩበት። ሐኪሙ በትንሽ መስታወት ጉሮሮዬን አየ። የድምፅ አውታሬ ላይ እብጠት አለ። ምን ሥራ ነው የምትሠራው ሲለኝ ድምፄን አታውቀውም እንዴ አልኩት። አላወቀውም። መኪና ያለው ሰው ነው።

መጮህ ካልተውኩ ድምፄ ጭራሽ ይዘጋል። በሹክሹክታስ? ሹክሹክታማ ይብሳል አለኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። ለምን ይብሳል? ሊያስረዳኝ ጀምሮ በሩ ላይ ያለውን ሰልፍ አየና ተወው።

ለሚስቴ ነገርኳት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም ከመርፌዋ አይተናነስም። «ተመስገን፣ ይሄ ቤት ሊያርፍ ነው» አለች። ከዚያ ግን የስፌት መኪናዋን ሳትረግጥ ብዙ ቆየች። እሷ ሳትረግጥ ስትቆይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሷ ስፌት ብቻውን እኔን፣ እሷንና እናቷን አያኖርም። ሸክም እንዳልሠራ ወገቤ። መተዳደሪያችን ጉሮሮዬ ነበር።

ጥቅምት 9

በማዘጋጃ ቤቱ በር ሳልፍ ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። ድሮ እንዲህ ያለ ወረቀት ለኔ ያው ግድግዳ ነበር። አሁን ቆምኩና አነበብኩ። ረዳት መዝገብ ያዥ። ብዛት፣ አንድ። ተፈላጊ ችሎታ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል/የምትችል። እኔን ነው እኮ የሚለው! ስሜን መጻፍ ብቻ ነው የቀራቸው። በመሃል የተጋደመችው ዘንግ ግን ምንድን ናት? መምህርታችን አላሳየችንም። ወንዱና ሴቷ እንዳይጣሉ የቆመች አጥር ትሆን?

እስከ ታች አንብቤ ዞር ስል… ከኋላዬ ሰው ሞልቷል። ለካ ጮክ ብዬ ነው። አንዱ ምዝገባው እስከ መቼ ነው ያልከው አለኝ። ነገርኩት። የቢሮውን ቁጥር የጠየቀችኝም ነበረች፤ ለሷም ነገርኳት። ሦስተኛው የመጨረሻዋን መስመር አስደገመኝ።

ሚስቴ ሰምታ መርፌዋን አስቀመጠች። «በገዛ አፍህ ተወዳዳሪዎችህን ጠርተህ አሳፈርካቸው?»

አማቴ ከወዲያ ክፍል ሰማች። ማንን ነው ያሳፈረው፣ ምን አደረጉት ሰዎቹ ብላ ተቆጣች። ኧረ እማማ፣ ያፈርኩትስ እኔ ነኝ።

ጥቅምት 12

ተመዘገብኩ። የምትመዘግበው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ራሷ ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። «መነጽሯ» ብያታለሁ፤ በሆዴ።

ቅጹን ሞላሁና ትክክል መሆኑን ለማየት አነበብኩት። ለማን ነው የሚያነቡት አለችኝ። ለራሴ። «ራስዎ ጆሮው ይከብዳል?» አለችኝ። ወደድኳት።

ከሷ ጀርባ ቢሮው ይታያል። እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ በገመድ የታሰረ ፋይል፣ አንድ እግሯ በካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። ሠራተኞቹ ሁሉም ያነባሉ። አንድም አፍ አይንቀሳቀስም። ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ወረቀት እያየ ድንገት ሳቀ። ከመሳቁ በፊት አፉ ዝግ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ታዲያ ቀልዱን ማን ነገረው? በየት በኩል ገባ?

እኛ የማታ ክፍል ስንማር ሁላችንም በአንድ ላይ ነበር የምናነበው፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። ዝም ያለ ሰው አልገባውም ማለት ነበር።

ጥቅምት 13

ሰው ስጠይቅ ዋልኩ። ስታነብ ይሰማሃል ወይ? የማን ድምፅ ነው?

መምህርታችን የራሴ ድምፅ ነው አለች። ጡሩንባ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ እንደ መንገድ ምልክት ነው፣ አይተኸው ታልፋለህ አለኝ። (አይቶ ማለፉንስ እናውቃለን።) የሰፈራችን ፋርማሲስት ቆይ ብሎ የመድኃኒት ወረቀት አነሳ፣ አየ፣ ደግሞ አየ። «አሁን እኮ አስበው ስትለኝ ማንበብ አቃተኝ» ብሎ ከሱቁ አስወጣኝ።

ሚስቴ ብዙ አሰበች። ድምፅ አለ አለች፣ ግን የሷ አይደለም። የማን ነው ስላት ሥራ አስፈታኸኝ አለችኝ።

ጥቅምት 17

ልምምድ። ከረሜላ ከምላሴ ሥር አድርጌ አነበብኩ። ከረሜላው አለቀ፣ ድምፄ አላለቀም። ምላሴን በጥርሴ ያዝኩ። በአፍንጫዬ ወጣ። አማቴ እህህ ስል ሰምታ ሆድህን ነው ልጄ ብላ የሞቀ ውሃ አመጣችልኝ።

እንዲያውም ውሃው ጥሩ ሐሳብ ሰጠኝ። አፌን በውሃ ሞልቼ ጋዜጣ ያዝኩ። አንድ መስመር ሄድኩ! ሁለተኛው ላይ «በተጠባባቂነት» የሚል ቃል መጣ። ግማሹን ዋጥኩት፣ ግማሹ ሚስቴ በምትሰፋው የሰው ቀሚስ ላይ አረፈ። ደንበኛዋ ነገ ትመጣለች። ቀሚሱ ገመድ ላይ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ነኝ።

ዓይኔን ብቻ ሳስኬድ ፊደሎቹ ይታዩኛል እንጂ አይናገሩም። እንደ ጠፋ ራዲዮ። አፌ ሲነካቸው ነው የሚነሱት። ሌላው ሰው ጋ ማን ነው የሚቀሰቅሳቸው?

ጥቅምት 21

ፈተና። አዳራሹ ሞልቷል። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ እኔው ነኝ የጠራኋቸው።

ለራሴ ማልኩ። አፍህን ዝጋ። ዘጋሁ። አንደኛው ጥያቄ ቀላል ነበር፣ ሁለተኛው ላይ… እንጃ። ትዝ የሚለኝ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ «አባባ፣ አራተኛውን ይድገሙልን» ስትለኝ ነው። ለካ ረድፉ በሙሉ እስክሪብቶውን አስቀምጦ እኔን ይጠብቃል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው ሲስቅ ሳልስቅ አላውቅም።

መነጽሯ መጣች። አልሳቀችም። ወንበሬን ራሷ ተሸክማ ኮሪደር አወጣችው። እዚያ ብቻዬን፣ ለግድግዳው እያነበብኩ ሠራሁ። ጥያቄዎቹ አልከበዱኝም። ወረቀቴን ስትቀበለኝ ድምፄ ሥራ ላይ ያስቸግራል እንዴ አልኳት፣ ቀለል አድርጌ።

«እዚህ የምናነበው የሰው ጉዳይ ነው» አለች። «ማን ከማን እንደተፋታ፣ ማን ልጁን እንደካደ። ይሄ በሆድ ነው የሚነበብ። አፍዎ እየቀደመ እንዴት አድርጌ ልቅጠርዎት?»

ወንበሬን ራሴ ተሸክሜ ወደ አዳራሹ መለስኩ።

ጥቅምት 22

አልቀለድኩም። ሚስቴ ግንባሬን ዳሰሰች፣ ትኩሳት መስሏት።

ጥቅምት 24

ሰዎች «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ይላሉ። የኔ አፍ ነው ከአገር የሚሰፋው። እንግዲህ ሆዴን ማስፋት ነው… ግን እንዴት? ምግብ እንደሆነ በአፍ ነው የሚገባው። ቃል በዓይን ይገባና በየት አልፎ ሆድ ይደርሳል? ሐኪሙን ስለ ጉሮሮዬ ስጠይቀው ይሄንንም ጠየቅኩት። እብጠቱ አልቀነሰም፣ ብዙ እያወራህ ነው አለኝ። ሌላውን አልመለሰም።

ጡሩንባ ቦታዬ ላይ አንድ ጎረምሳ አቁሟል። ልጁ «ድልድይ» ሲል የሚያስነጥስ ነው የሚመስል። አንድ ቀን ብመለስ ብዬ ጉሮሮዬን ሞከርኩ። የወጣው የበር ማጠፊያ ድምፅ ነው። እንግዲህ መመለሻ የለም።

ጥቅምት 28

ውጤት ተለጠፈ። ሦስት ሰው አልፏል። የኔ ስም ሦስተኛ ነው፤ ከታች ለሚያነብ አንደኛ።

ሦስታችንም በየተራ አንድ አንድ ጠዋት ባለጉዳይ መቀበያው መስኮት ላይ እንሠራለን፣ መነጽሯ ታያለች፣ አንድ ትመርጣለች። ሥራው ማመልከቻ መቀበል፣ ማንበብ፣ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ ለይቶ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት። ሌሎቹ ሁለቱ ወጣቶች ናቸው። አንደኛዋ ያቺ አራተኛውን ይድገሙልን ያለችኝ ናት። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። «በእርስዎ ነው ያለፍኩት አባባ» አለች። አላላገጠችም። ደስ ብሏት ነው።

ኅዳር 2

የኔ ተራ ዛሬ ነበር።

ከመስኮቱ ፊት ረዥም አግዳሚ አለ፤ ባለጉዳይ ሞልቶበታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወረቀቶች እንደምንም ተወጣሁ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ፣ እያጉረመረምኩ፣ አንዳንዱን ርዕሱን ብቻ አይቼ። መነጽሯ ከጀርባዬ ናት። እስክሪብቶዋ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። አበቃልኝ አልኩ።

ከዚያ አንዲት ሴትዮ መጣች። «ወንድሜ፣ እዚህ ነው የሚሰጠው?» አለችኝ። ቀጭን ድምፅ ነው፣ መጨረሻው የሚሰበር። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። በራሷ እጅ በእርሳስ የጻፈችው ነው፤ ፊደሏ እንደኔ የማታ ተማሪ ፊደል ነው፣ አንዱ ቆሞ አንዱ ተኝቶ።

«ለማዘጋጃ ቤቱ…» ብዬ ጀመርኩ። እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን አልለቀቀችም። ጫፉን ይዛ ወደ አግዳሚው ዞረች። እነዚያ አንገታቸውን አስግገዋል። አንዱ እንዲያውም ድምፅህን ጨምርበት አለኝ።

ሁለተኛውን መስመር ዓይኔ ቀድሞ አየው። አፌ ሊደርስበት ነው… ዘጋሁት። ውሃ የለ፣ ከረሜላ የለ። የሴትዮዋ ጣት ብቻ ነበር፣ የወረቀቱ ጫፍ ላይ፣ ጥፍሩ ነጭ እስኪሆን የተጫነ።

ወረቀቱም ዝም አላለም!

እንዴት ብዬ ልጻፈው። መናገሩን ቀጠለ። ውስጤ። ሁልጊዜ የምጠብቀው የራሴን ድምፅ ነበር፣ ያንን የአውቶቡስ ተራውን። እሱ አልመጣም። የመጣው የሴትዮዋ ነው። ያ ቀጭኑ፣ መጨረሻው የሚሰበረው። እሷ ከፊቴ አፏን ዘግታ ቆማለች፤ እኔ ግን እሰማታለሁ። አንድ ቦታ ጽፋ ሰርዛ ደግማ ጽፋዋለች። እዚያ ጋ ስደርስ ድምፁም ተደናቀፈ።

እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ከዚያ በቀኝ በኩል ሁለተኛው በር፣ ሰኞ ይምጡ አልኳት። እጇን ያኔ ነው ያነሳችው፤ ወረቀቱን ሦስተኛው ቅርጫት ውስጥ አስገባሁላት።

መነጽሯ ተነስታ መጣች። ጉዳዩ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፣ ፈተና መሆኑ ነው። አግዳሚው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ወረቀቱን ከቅርጫቱ አውጥቼ አዞርኩላትና ሁለተኛው መስመር ላይ ጣቴን አስቀመጥኩ። መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ሁለታችንም አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰን፣ ድምፅ የለ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቅርጫቱ ልክ ነው» አለች።

ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ኅዳር 3

ዛሬ የሱቅ ማስታወቂያ በሆዴ አነበብኩ። የጡሩንባን ታርጋ አነበብኩ። ጋዜጣውን አነሳሁ፣ ትንሽ ሄደልኝ፣ ከዚያ አፌ መጣ። ሁልጊዜ እሺ አይልም። ጋዜጣው ግን ማንን ነው የሚመስለው? አንድ ጉንፋን የያዘው፣ ኮት የለበሰ ሰውዬ። ለሚስቴ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ጋዜጣውን ከእጄ ወስዳ አየችና እውነትህን ነው አለች።

ኅዳር 7

ተጠራሁ። ሥራው የኔ ሆነ። መነጽሯ ገና አፍዎ ይቀድማል፣ እስኪለምድ ከባለጉዳይ ራቅ ካለው ጠረጴዛ ይጀምራሉ አለችኝ። ልጅቷን ተጠባባቂ አድርጋ ይዛታለች። መዝገብ ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይፈልጋል አሉ። ይፈልግ።

አውቶቡስ ተራ ሄጄ ለጡሩንባ ነገርኩት። መዝገብ ቤቱን እኔ ልመራው ነው አልኩት። ትንሽ ቢጨመርበት ምናለ።

ኅዳር 9

ሥራ ጀመርኩ።

ማታ ቤት ስገባ ሚስቴና እናቷ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የወንበሩን ነገር ነገርኳቸው፣ እግሩ ጎማ አለው፣ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ጋ ወሰደኝ። የወፍራሙን ሰውዬ ነገርኳቸው፣ ከመሳቢያው ኦቾሎኒ ይበላል፣ ለዚህ ነው የማያወራው። አማቴ ተመቻችታ ተቀመጠች።

«እሺ፣ የሰው ጉዳይስ?» አለች ሚስቴ። «ምን አነበብክ?»

ብዙ አነበብኩ አልኳት።

«ምን ይላል?»

ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ። አማቴ አመመው እንዴ አለች።

«ያቺ ሴትዮስ፣ ያኔ ወረቀቱን አልለቅም ያለችህ?» አለች ሚስቴ። ሳምንቱን ሙሉ ሲበላት ነበር፤ በመርፌ ሁሉ ወግታኛለች። «ለኔም አትነግረኝም?»

«ላንቺም።»

ጠበቅኩ፣ አሁን ትወጋኛለች ብዬ። አልወጋችኝም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ለሥራ የሰፋችልኝን ሸሚዝ ወረወረችልኝ። ኪሱን ከውስጥ በኩል አድርጋዋለች፤ ከውጭ አይታይም።

ያነበብኩት ብዙ ነው። የምጽፈው ግን ይሄው ነው።