የፀጉር አስተካካዩ ተረብ

ለማከብርዎትና እንደ አባት ለማይዎት ወንድም ጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን የሚይዝዎት ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይ? እትዬስ ከጉንፋኑ ተሻላቸው? ልጆቹስ ይታዘዛሉ ወይስ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆሙታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ነገር ግን ባለፈው በስልክ «ወሬ ማውራት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው?» ያሉኝ ቃል ከሆዴ አልወጣ ስላለ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት ብዕር አነሣሁ።

እንደሚያውቁት ወደዚህ ቀረጻ ቤት የገባሁት በአናጢነት፣ ድምፅ እንዳያሾልክ ግድግዳውን ስፖንጅ ለማልበስ ነበር። ቤቱ የሚያስቅም የሚያስለቅስም የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማ በቋንቋችን፣ በእኛ ሰዎች ድምፅ የሚቀዳበት ነው። ከባልደረባዬ ጋር ሚስማር እየመታን ስንተራረብ የቀረጻው አዘጋጅ የሆኑት ሴትዮ ሰምተውን ኖሮ፣ በድራማው ውስጥ ያለውን የአንድ ፀጉር አስተካካይ ድምፅ ይሠራ የነበረው ሰው ሲለቅ «እስቲ አንተ ሞክረው» አሉኝ።

ይህ ፀጉር አስተካካይ አፉ ሥራ አይፈታም። ደንበኛውን ሁሉ ከዘፋኝ፣ ከኳስ ተጫዋች፣ ከፊልም አክተር ጋር እያመሳሰለ ይተርባል። ዝነኞቹ ግን የዚያው አገር ሰዎች ናቸውና እኔ አንዳቸውንም አላውቅም። እንደ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ደግሞ ፈጥኖ ማንበብ ስለማይሆንለት ንግግሩን በቃሉ አጥንቶ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ቀን የእነዚያን ሰዎች ስም በፍርሃት አንድ በአንድ ብጠራ፣ አዘጋጇ ከመስታወቱ ማዶ «አንተ ልጅ፣ ተረብ ነው ወይስ የተማሪ ስም ጥሪ? አቤት የሚልህ የለም እኮ!» አሉኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልተሻሻልሁ ሌላ ሰው እንደሚተኩም ነገሩኝ። በአናጢነቱ ቦታ ቀድሞ ሌላ ገብቶበት ነበርና ከሁለት ያጣ ልሆን ሆነ።

በጭንቀቴ መሐል አንድ ዘዴ መጣልኝ፤ ለእያንዳንዱ ዝነኛ ከቤታችን አንድ ሰው ሰጠሁት። ትኬት አሽጦ መድረክ ላይ የማይወጣው ዘፋኝ ሲነሣ፣ «ነገ መጥቼ ጣራችሁን እመታለሁ» እያሉ ክረምቱን ከባልዲ ጋር ያስከረሙንን አጎታችንን አሰብሁ። ጎል ገብቶበት ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቀው በረኛ ደግሞ፣ ሸሚዝ አሳርራ ካውያውን የምትራገመው ታናሽ እህታችን ሆነች፤ ይቅር ትበለኝ! ከዚያ በኋላ ምላሴ ተፈታ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወጣ።

አንዱ ብቻ አስቸገረኝ። በየፊልሙ ወዳጁን ለማዳን ብሎ ቀድሞ የሚሞት አክተር አለ። ፀጉር አስተካካዩ ሩቅ መንገድ ሊሄድ የተነሣ ታላቅ ወንድሙን ፀጉር እየቆረጠ «አንተ እኮ እንደዚያ አክተር ነህ፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትሞት ፊልሙን ጨርሰው!» ይለዋል። ለዚህ ከእርስዎ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? እኛን ለማሳደግ ትምህርትዎን ተዉ፤ ለሠርግዎ የተሰፋውን ኮት እንኳ አሳጥረው ለእኔ የትምህርት ቤት ልብስ አደረጉት። ቀልዱን በሳቅ ጀምሬ መሐል ላይ ድምፄ ተሰበረ። አበላሸሁ ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አዘጋጇ «እንዳትነካው! ያልሁህ ይኸው ነው» አሉ። በዚያች ቃል ሥራው እስከ ድራማው ፍጻሜ የእኔ ሆነ።

ወንድም ጋሼ፣ ፈቃድዎን ሳልጠይቅ የሥራ ውሉን ፈርሜያለሁ። መዶሻ ያስያዙኝ እርስዎ ነዎትና ቢቀየሙኝ እውነት አለዎት። ይሁን እንጂ ፈሪው ወንድምዎ ለመጀመሪያ ጊዜ «ይህን እችለዋለሁ» ብሎ ጽፎልዎታል። የምለምንዎት ምርቃትዎን ብቻ ነው።

ለእትዬ እጅ እነሣለሁ። እህቴን በብርቱ ሰላም ይበሉልኝ፤ አጎታችንንም እንደዚሁ። ልጆቹን በየተራ ይሳሙልኝ፤ ትንሿ ድምፄን ሰምታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እንዳትፈልገኝ ይንገሯት። እርስዎም እሑድ ድራማው ሲተላለፍ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲስቅ አብረው ይሳቁ። ስለ አክተሩ ያለችው ቃል ስትመጣ ግን ለማን እንደተባለች ለማንም አይንገሩ።

ታናሽ ወንድምዎ
ከቀረጻው ክፍል ጎን፣ ከሠራተኞች ማረፊያ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን