በቱቦም ቢሆን ከገበታ

እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ልጅ በበዛበት በዚያ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ1972 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ባለቤታቸው በሞት ቀደሟቸው።

የሕሙማንን አመጋገብ ተምረው፣ ጡረታ እስኪወጡ መዋጥ የተሳናቸውን በቱቦ ሲመግቡ ኖሩ። ቱቦው ሳንባ ሳይሆን ጨጓራ መግባቱን፣ በቱቦው የቀዱትን ፈሳሽ አሲድነት በመለኪያ ወረቀት አይተው ሳያረጋግጡ ጠብታ አይሰጡም። ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይመለስም የአልጋውን ራስጌ ከፍ ያደርጋሉ። ለጀማሪ ነርሶች የደምን የአሲድ ሚዛን ሲያስረዱ፣ «ሳንባና ኩላሊት ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ሲያጎድል ሌላው ይሸፍናል» ይሉ ነበር። ምሳ ሰዓት የራሳቸውን ሳህን ይዘው በቱቦ ከሚመገበው ሰው አጠገብ ይቀመጡና «ብሉልኝ» ይላሉ። አንድ ሐኪም ወደ ቱቦው እያመለከቱ ስቀው፣ «ሲስተር፣ የሚለምኑት ጎማውን ነው?» ቢሏቸው፣ «ጎማውማ ጠግቧል ዶክተር፤ ሰውየውን ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ሲስተር ብሉልኝ» ሆነ።

ዓምና ጉሮሯቸውን ታመሙ። መዋጥ አቃታቸውና ለእሳቸውም ቱቦ ገባላቸው። ልጆቻቸው እሳቸው ፊት መብላት ነውር መሰላቸው፤ ኩሽና ገብተው፣ በር ዘግተው፣ ቆመው ይጎርሱ ጀመር። እሳቸው ግን የሳህኑን ድምፅ ይሰማሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቱቦውም ይነቀልልኝ አሉ። ቤቱ ተጨነቀ። ታላቅ ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ምክንያቱን ቢጠይቋቸው፣ በሰለለ ድምፅ፣ «ምግቡስ አልቀረብኝም፤ የቀራችሁብኝ እናንተ ናችሁ» አሉ።

በማግስቱ ወንበራቸው ከጠረጴዛው ራስ ተደረገ። በቱቦው የሚወርደው ምግብ ከረጢት ከጎናቸው ተሰቀለ። ማንም ቀድሞ መጉረስ አልደፈረም። ትንሿ ልጃቸው እንባዋን ጠርጋ፣ «እማዬ፣ ብዪልኝ» አለች። እሳቸውም ሳህኗን በጣታቸው አሳዩዋት፤ ብዪ ማለታቸው ነው። ሁሉም በላ። የቱቦው መነቀል ዳግም አልተነሳም።

ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤተሰቡ ምሳ ላይ ሳለ፣ እዚያው ወንበራቸው ላይ በጸጥታ አረፉ። ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው ቀርተዋል። ወንበሩ ካለበት አልተነሳም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ብቻውን ከማይበላበት ገበታ ያስቀምጥልን።